ታንኳዋ ላይ የቀረው ጭነት

ና ግባ፣ በሩ ላይ አትቁም። ያቺን ጥግ ያዝ። ጀምሬዋለሁ፣ ግን ብዙ አላመለጠህም። ውሃው ጉልበት ደርሷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሻግሯል፤ አያ ጓንጉል ታንኳው ላይ የበቅሎ ኮርቻ እየጫነ ነው። ሚስቱ አንጓች ወገቧን ይዛ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «በቅሎዋ እኮ ሞታለች።»

«አውቃለሁ» አለ ገመዱን እያጠበቀ። «ኮርቻው ግን አልሞተም። አንድ ቀን ያስፈልገኛል።»

እሺ፣ ላንተ ስል ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እናንተ የሰማችሁት ታገሡኝ፤ ሁለቴ የተሰማ ተረት አይጎዳም።

ጊዜው ድሮ ነው፤ ሐይቁና ሰው ገና ወሰን ያልተካለሉበት ዘመን። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላና እርሻውን አልፎ እስከ ቤት ደጃፍ ይመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ እንግዳ ሹልክ ብሎ ይመለሳል። የመንደሩ ሰው ለምዶታል፣ አይጣላውም። ውሃው ሲመጣ ማዶ ወዳለው ከፍታ ይሻገራል፣ ውሃው ሲሸሽ አዲስ ታንኳ አስሮ ተመልሶ ይዘራል።

የመሻገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ የራሱን ታንኳ ያስራል። ደንገል ያ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ግን ይጠጣል። ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ሲነሣና ሲደርስ አንድ አይደለም። ሲነሣ ላባ፣ ሲደርስ ድንጋይ።

ማዶ ከደረሰ በኋላ አቁመው ፀሐይ ካላስመቱት ሁለተኛ አይጭንም። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ከየት ይምጣ? እና መሻገር አንድ ጊዜ ነው። የያዝከውን ይዘህ፣ የተውከውን ትተህ።

በዚያ መንደር ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንዱ አያ ጓንጉል ነው። ምንም አይጥልም። እንስራ ቢነደል አይጥልም፣ ዶማ ቢሰበር አይጥልም፣ ገመድ ቢበጠስ አይጥልም። ቤቱ ከመሙላቱ የተነሣ እሱና አንጓች በጎን ነበር የሚገቡት። ለምን ብትለው መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ቀን ያስፈልገኛል።»

ሌላው ምንተስኖት ነው። ምንተስኖት አራዳ ነው። ምንም የለውም። መጥረቢያ የለውም፣ ድስት የለውም፣ ጋቢ የለውም። ግን እንጨት ይፈልጣል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሲበርደው ይደርባል። እንዴት ብትለኝ፣ ይዋሳል። መጥረቢያውን ካንዱ፣ ድስቱን ካንዷ፣ ጋቢውን ከሌላው። ባለቤቱ ልቀበል ብሎ ሲመጣ «ዕቃ ሸክም ነው፣ ወንድሜ» ይለዋል። «እኔ እኮ ሸክምህን ነው የያዝኩልህ።» ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ለምን እንዳመሰገነ ግራ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዋርካው ሥር ተጋድሞ ያስተምራል። «ለሰው ስንት ይበቃዋል? ዓሣ ሳጥን አለው? ጉማሬ ጋቢ አለው? እኔን እዩኝ። ብነሣ የሚይዘኝ የለም።» ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል። «ይኼ ልጅ ባሕታዊ ሊወጣው ነው» የሚሉም ነበሩ።

አንጓች ብቻ አንድ ቀን «የደረበው ጋቢ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ታዲያ የዚያን ዓመት ክረምቱ ቸኩሎ መጣ። ሰዉ ደንገል ሲያጭድ ምንተስኖት ዋርካው ሥር ነበር። ሰዉ ሲያደርቅ ዋርካው ሥር ነበር። ሰዉ ሲያስር ጎኑን ቀይሮ እዚያው ዋርካው ሥር ነበር። ምን አስቦ መሰለህ? ይኼ ሁሉ ታንኳ ሲሻገር ለአንድ ሰው መቀመጫ አይጠፋም ብሎ ነው።

ውሃው መጣ። ምንተስኖት ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ታንኳ ሄደ። «ወንድሜ፣ ጠጋ በልልኝ» አለ። «እሺ፣ የትኛውን ልጅ ላውርድልህ?» አለው ሰውየው።

ወደ ሁለተኛው ሄደ። «እናቴን ላውርድልህ?» አለው።

ወደ ሦስተኛው ሄደ። ሦስተኛው መቅዘፊያውን አነሣ። ቀዘፈና ሄደ።

ዳሩ ጭር አለ። አንድ ታንኳ ቀረ። የአያ ጓንጉል።

አሁን ገባህ አይደል? ደርሰንበታል።

የአያ ጓንጉል ታንኳ ከሁሉም ትልቅ ነበር። ዕቃው ብዙ ነዋ። ያጨደው ደንገል አልበቃ ሲለው ጓሮ ገባና የአምናውን ደንገል አወጣ፤ ከዘንድሮው ጋር ቀላቅሎ አሰረው። በዚያ አገር ይህን ማንም አያደርገውም። የአምና ደንገል ውሃ ቀምሶ የከረመ ነው፤ ሁለተኛ ሲያገኝ አይጠግብም። ስለዚህ ሰዉ ከተሻገረ በኋላ ያቃጥለዋል። አያ ጓንጉልም ይህን ያውቃል። ግን ማቃጠል አልሆነለትም። ሲያየው ደህና ደንገል ነበር።

ምንተስኖት እጁን እያወዛወዘ በውሃው ውስጥ መጣ። ስታየው ሽርሽር የወጣ ይመስላል። ሆዱ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ይህቺ ታንኳ ካመለጠችው ቀረ። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ከዚህ ዳር ተነሥቶ ማዶ የዋኘ ሰው የለም። ዋርካው ላይ ወጥቶ ከዝንጀሮ ጋር ሊከርም?

ታንኳዋን አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ናት። ድመት የሚቀመጥበት የለም።

«አሳፍሩኝ» ቢል መልሱን ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ቀምሶታል። ስለዚህ አላለም። አራዳ አይለምንም፣ ይመክራል።

«አያ ጓንጉል፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። ወደዚህ አትጠጋ፣ የምትዋሰው ዕቃ የለም።»

«ኧረ እኔ ምን ልዋስ። ሲደክሙ አይቼ አሳዘኑኝ እንጂ። ይኼ ኮርቻ ምን ይሠራልዎታል?»

«አንድ ቀን ያስፈልገኛል።»

«ጥሩ። እንግዲያው በቅሎዋን ያምጧትና መጀመሪያ እሷን እንጫን።»

አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አያ ጓንጉል ኮርቻውን አየው። ጠፍሩ ተበልቷል፣ እርካቡ አንድ ነው። ገመዱን ፈታና ውሃው ላይ አስቀመጠው። ኮርቻው ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ዞር አለ፣ ሄደ።

ምንተስኖት ታንኳዋን ዞራት።

«ይኼ እንስራስ ምን ይሠራልዎታል? ቂጡ እኮ ተነድሏል።»

«አንድ ቀን ያስፈልገኛል። እደፍነዋለሁ።»

«መቼ ነው የተነደለው?»

አያ ጓንጉል አሰበ። «አንጓችን ባገባሁ ሰሞን።»

«ይኸው ሐይቁ ራሱ ሊሞላው መጥቷል፤ እዚሁ ይተውለት።»

አያ ጓንጉል እንስራውን አወረደው። ቡልቅ ቡልቅ አለና ሞላ።

ምንተስኖት አሁንም ዞረ። ከታንኳዋ መሐል ለሁለት የተሰነጠቀ የወፍጮ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ይኼስ ምን ይሠራልዎታል?»

«አንድ ቀን...» አለ አያ ጓንጉል፣ አልጨረሰውም።

«ማዶ ድንጋይ ጠፍቶ ነው፣ አያ?»

ሁለቱ ተጋግዘው አወረዱት። ታንኳዋ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀና አለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምንተስኖት አያ ጓንጉልን እየፎገረው ነው፤ ይኼ ግልጽ ነው። የተናገረው ነገር ግን እውነት ነበር። እውነት ደግሞ ሌባ ቢናገረውም እውነት ነው። አያ ጓንጉል ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው። ማንም ሳያዘው የተሰበረውን ዶማ አወረደ። የተበጠሰውን ገመድ አወረደ። አፉ የማይገጥመውን ሳጥን አወረደ፤ ሳጥኑን ሲያወርድ እንደውም ያፏጭ ነበር። አንጓች ባሏ ሲያፏጭ የሰማችው የዚያን ዕለት ነው።

ምንተስኖት ደስ ብሎት ጣቱን ወደ አንድ ከረጢት ቀሰረ። «ይኼስ ምን...»

«ይኼ ዘር ነው» አለች አንጓች። «ውሃው ሲሸሽ ይዘራል፣ ሲደርስ ይበላል። ጣትህን ሰብስብ።»

ምንተስኖት ጣቱን ሰበሰበ። ከዚያ እንደ ቀልድ ታንኳዋ ላይ ወጣና ወፍጮው በነበረበት ቦታ ቁጭ አለ። ልኩ ነበር።

«ምን እየሆንክ ነው?» አለ አያ ጓንጉል።

«መሐሉ ባዶ ሲሆን ታንኳ ሚዛኗን ትስታለች ብዬ ነው።»

አያ ጓንጉል ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ» አለች አንጓች። «ኮርቻ አውርደህ ጋላቢ ጫንክ።»

ግን ሰውን ውሃ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ተነሡ።

ቀዘፉ። አያ ጓንጉል ከፊት፣ አንጓች ከኋላ፣ ምንተስኖት መሐል ላይ። ካፊያው ቆሟል፣ ሐይቁ ረግቷል። የዋርካው ጫፍ ከኋላቸው እያነሰ ሄደ።

«መቅዘፊያውን ትንሽ ተቀበለኝ» አለ አያ ጓንጉል።

«ክንዴን እያመመኝ ነው፣ አያ» አለ ምንተስኖት። እግሩን ዘረጋ። «አሁን ይኼ ነው ኑሮ ማለት። አየሩን አያዩትም? ምንም የለን፣ ምንም አይከብደን። እኔ ይህን ስንት ዘመን ስናገር...»

«የእኔ መቅዘፊያ ይከብዳል» አለች አንጓች ከኋላ።

«ልብዎን ያቅልሉት እንጂ እትዬ፣ እጅዎ ይከተላል።»

አንጓች ቀዘፈች።

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ የምንተስኖት መቀመጫ ራሰ። ወደ ጎን ዘንበል አለ። በሌላ በኩልም ራሰ። አንጓች ጎንበስ ብላ የታንኳዋን ጎን ስታይ ከአዲሱ ደንገል መሐል የጠቆረ ደንገል አየች።

«ጓንጉል።»

«አቤት።»

«ይኼ የአምናው ደንገል ነው?»

አያ ጓንጉል አልዞረም። ትከሻው ብቻ ዝቅ አለ። «ደህና ነበር እኮ ሳየው» አለ።

አንጓች አልተሳደበችም። ስድብም ይከብዳል። «በል» አለች፣ «የሚወርድ ካለ ይውረድ። ማዶ ገና ነው።»

አያ ጓንጉል መቅዘፊያውን አስቀመጠ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃውን እያነሣ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። ድስቱን አነሣ። «ይኼ ምን ይሠራል?» «እንቀቅልበታለን» አለች አንጓች። ድስቱን መለሰው። ማጭዱን አነሣ። «ይኼ ምን ይሠራል?» «እናጭድበታለን።» ማጭዱን መለሰው። የዘሩን ከረጢት አየ፤ እሱን እንኳ አልጠየቀም። አቅፎ ወደ ደረቁ በኩል አስጠጋው።

ከዚያ ቀና አለ። ታንኳዋ ላይ ያልጠየቀው አንድ ነገር ቀርቷል። ሁለቱም ወደ መሐል አዩ።

«ምንተስኖት» አለ አያ ጓንጉል በቀስታ።

«አቤት፣ አያ።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

ውሃው ጭን ደርሷል። ምንተስኖት ወደ ግራ አየ፣ ሐይቅ። ወደ ቀኝ አየ፣ ሐይቅ። ያ ሁሉ የዋርካ ሥር ትምህርት ጠፋበት። አፉ ውስጥ የተገኘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱም የተዋሰው።

«እኔ... አንድ ቀን አስፈልጋችኋለሁ» አለ።

አያ ጓንጉል ሳቀ። የሚሳለቅ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ የገዛ ድምፁን ከገደል ማሚቶ የሰማ ሰው ሳቅ ነበር። «ልጄ» አለው፣ «በዚህች ቃል ቤት ሞልቼባታለሁ። አልፎገርባትም።»

«እንግዲህ ልትጥሉኝ ነው?»

«ዋና ትችላለህ?» አለች አንጓች።

«እችላለሁ። ግን ማዶ ድረስ ማን ይችላል?»

«ማን ዋኝ አለህ። ውረድና ጭራዋን ያዝ። ታንኳዋ አንተን ከመስጠም ትያዝህ፣ አንተ በእግርህ ግፋት።»

ምንተስኖት የውሃውን ቅዝቃዜ አስቦ ትንሽ አመነታ። ታንኳዋም ትንሽ ሰጠመች። ወረደ።

እሱ ሲወርድ ታንኳዋ ቀና አለች። ጭራዋን ያዘ፣ እግሩን አማታ። መጀመሪያ ለይምሰል አማታ። ታንኳዋ ስትቆም እሱም ውሃ ይጠጣል፤ ስትሄድ አፉ ከውሃ በላይ ይሆናል። ይኼን ሲያይ የምሩን አማታ። አያ ጓንጉል ከፊት ቀዘፈ፣ አንጓች ከኋላ ቀዘፈች፣ ምንተስኖት ከውሃው ውስጥ ገፋ። ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘቀዝቅ የታንኳዋ አፍንጫ ጭቃ ነካ።

ማዶ ሰዉ ወጥቶ ይጠብቃል። «ተመስገን፣ ደረሳችሁ» ተባለ፣ ተሳሳሙ። ምንተስኖትንም ሳሙት። ሰው ከውሃ ሲወጣ ይሳማል፣ የቀረው ነገር በኋላ ነው።

በኋላም መጣ። ከታንኳዎቹ ሁሉ ትንሿን አስሮ የተሻገረው ሽማግሌ ቀረበና «ምንተስኖት፣ ጋቢዬን የት አደረግከው?» አለው።

ጋቢው ጎጆው ውስጥ ነው። ጎጆው ውሃ ውስጥ ነው።

አንዷ መጣች። «ድስቴን ይዘህልኝ መጣህ?»

ድስቱም ጎጆው ውስጥ ነው።

ሌላው መጣ። «መጥረቢያዬን ስጠኝ፣ ለጎጆ እንጨት ልቁረጥበት።»

ለካ ያ ምንም የሌለው ሰው ጎጆው ሙሉ ነበር። የሰው ዕቃ ሞልቶት ነበር። እጁን እያወዛወዘ የመጣው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ የሰጠመው የራሱ ስላልሆነ ነው።

«ዕቃ እኮ ሸክም...» ብሎ ጀመረ።

«እንዳትጨርሰው» አለው ባለ መጥረቢያው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዞሮ ሄደ። ሽማግሌውም ሄደ። ሴትዮዋም ሄደች። የተሰደበ ቢሆን ይሻለው ነበር። ቀጥሎ ለመደረቢያ ሄደ፤ «የለኝም» ተባለ። ለእሳት ሄደ፤ «የለኝም» ተባለ። ለእፍኝ ቆሎ ሄደ፤ «የለኝም» ተባለ። እሳቱ እየነደደ፣ ቆሎው እየተንጣጣ ነው «የለኝም» የተባለው።

የዚህ ተረት ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ ይኼ ነው። በጥቂት መኖር ማለት ማጣት አይደለም። የያዝከውን ለምን እንደያዝከው ማወቅ ነው፣ አውቀህ ደግሞ ራስህ መሸከም ነው። አያ ጓንጉል የመጀመሪያውን አያውቅም ነበር፤ ውሃው አስተማረው። ምንተስኖት የመጀመሪያውን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። የጎደለው ሁለተኛው ነው። ሸክምህን ሰው ጀርባ ላይ አስቀምጠህ ቀለለኝ ብትል፣ ሸክሙ አልቀነሰም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ምንተስኖትን ግን ብርድ ላይ ትተነው መጣን።

ሲጨልም ወደ አንጓች ጎጆ መጣ። ጎጆ አልኩት እንጂ አራት እንጨትና ሣር ነው። ውስጡ ድስት፣ ማጭድ፣ የዘር ከረጢት፣ አንድ ጋቢ። አያ ጓንጉል እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ያ ሰው ስንት ዘመን እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረውም። ያንኮራፋል።

ምንተስኖት እሳቱ ዳር ቁጭ አለ። «እትዬ አንጓች» አለ፣ «እንግዲህ እናንተም እንደኔ ሆናችሁ። እኩል ሆንን።»

አንጓች ድስቱን አማሰለች። «እኩል አይደለንም። የእኔ ድስት እየፈላ ነው።»

ምንተስኖት ወደ እሳቱ ተጠጋ። ኩርምት ሲል ልጅ መሰለ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

አንጓች ጨለፈችና በቅጠል ላይ አደረገችለት። በላ። ቅጠሉን ላሰ። ለማመስገን ቃል ፈለገና አጣ፤ ያቺ «ዕቃ ሸክም ነው» የምትለው ካልሆነች ሌላ አያውቅም ነበር።

«ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ ሊያድር ነው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሌሎቹ ጎጆዎች እያየ። «ጋቢውን ከየት ላምጣ?»

«ጋቢ አታመጣም፤ የለህም። የሽማግሌው የመመለሻ ታንኳ ግን አልታሰረም። ሰውየው አርጅቷል፣ ደንገል ማጨድ አይሆንለትም። ባለ ድስቷም ብቻዋን ናት። ባለ መጥረቢያውም እንጨቱን በእጁ እየሰበረ ነው።»

ምንተስኖት ገባው። አንገቱን ደፍቶ «ማጭዱን ያውሱኛል?» አለ።

አንጓች ማጭዱን አንሥታ ከጋቢው ሥር አደረገችው።

«ማጨዱን ለእኔ ተወው» አለችው። «ያጣነው ተሸካሚ ነው። ጠዋት ጀርባህን ይዘህ ና።»